የጊኩዩ ርስትና ሙሆዩ፤ ስለ ጆሞ ኬንያታ «የኬንያን ተራራ ፊት ለፊት»

ጆሞ ኬንያታ በ1938 ለንደን ላይ ያሳተሙት «የኬንያን ተራራ ፊት ለፊት» የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ፣ አፍሪካውያን ስለ ገዛ ሕዝባቸው ባህል በትምህርት ሥርዓት ከጻፉአቸው መጻሕፍት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጥናት ላይ የተሰማራ ሰው ሁሉ ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ተለያይተው በቆሙ ሁለት ወገኖች ነው። አንደኛው ወገን የጋብቻውን፣ የግዝረቱን፣ የዕድሜ ጓዶችን ማኅበርና የአምልኮቱን ምዕራፎች እየለየ እንደ ባህል መዝገብ ይመለከተዋል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ደራሲው ከጊዜ በኋላ የአገር መሪ መሆናቸውን በማሰብ እንደ ፖለቲካ ጽሑፍ ይቈጥረዋል። ሁለቱም የሚስቱት ነገር አለ፤ ይኸውም መጽሐፉ ከመነሻው ስለ መሬት የቀረበ የሙግት ቃል መሆኑ ነው። የባህሉ ጥናት የሙግቱ ማስረጃ ነው፤ ሙግቱም በተራው የባህሉን ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ቀርጾታል። የመጽሐፉ ኃይልም ጕድለቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ሙግቱ ከማን ጋር እንደ ሆነ ለመረዳት ወደ 1921 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የኬንያ ዋና ዳኛ የነበሩት ሰር ጃኮብ ባርዝ፣ ጊኩዩዎች እርስ በርሳቸው ባነሡትና የመንግሥቱም ጠበቃ በገባበት የመሬት ክርክር ላይ ፍርድ ሰጡ። ነገሩ ሲጀመር የመንደር ክርክር ነበር፤ ፍርዱ ግን የአንድን ሕዝብ መቆሚያ የሚነቅል ሆነ። በ1915 የወጣው የዘውድ መሬት ሕግና በ1920 አገሩ ኮሎኒ የተባለበት ትእዛዝ ተደምረው፣ ለአገሬው ሰው የተከለለው መሬት ሳይቀር የእንግሊዝ ዘውድ ንብረት ሆኗል፤ በጊታካ ሥርዓት የነበረው መብትም፣ ምን ዓይነት ቢሆን፣ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ጊኩዩዎቹ በዘውዱ ፈቃድ የተቀመጡ፣ ዘውዱ በፈለገ ጊዜ የሚያስነሣቸው ጭሰኞች ናቸው ተባለ። ያው የ1915 ሕግ ለአውሮፓዊው ሰፋሪ መሬት የሚሰጠው በ999 ዓመት ኪራይ ነበር። በ1902 የወጣው የቀድሞው ሕግ 99 ዓመት ይል ስለ ነበር፣ ሰፋሪዎቹ አነሰን ብለው ነው ዘጠኙን ያስጨመሩት። ትናንት የመጣው ሰው ሺህ ዓመት ሊሞላ አንድ ብቻ የጐደለ ዘመን ሲጻፍለት፣ በቦታው የተወለደው ግን የአንድ ቀን ዋስትና አልነበረውም። (ዘጠኙ የተሰረዘው በ2010 በጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ነው፤ በዚያ ሕግ የውጭ አገር ሰው ከ99 ዓመት በላይ መሬት በኪራይ ሊይዝ አይችልም።)

ለዚህ ፍርድ መንገዱ የተጠረገው ቀደም ብሎ ነበር። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲደርስ ወጪውን የሚመልስ ጭነት አልነበረውም። የአገሩ አስተዳዳሪ የነበሩት ሰር ቻርልስ ኤልየት መፍትሔው ደጋውን ለነጭ ሰፋሪዎች መስጠት ነው ብለው ቆረጡ። ደጋው ደግሞ ባዶ ነው ይባል ነበር። ኬንያታ ለዚህ የሰጡት መልስ በኋላ ዘመን የታሪክ ምርምር ይበልጥ ጸንቷል እንጂ አልተናደም። ከ1897 እስከ 1900 ድረስ ድርቅ፣ አንበጣና ፈንጣጣ ተከታትለው በደቡብ ጊኩዩ አገር ብዙ ሰው ፈጁ፤ የተረፈውም ወደ ዘመዶቹ፣ ወደ ሙራንጋ ሸሸ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የጎረቤቶቻቸውን የማሳዮችን ከብት የጨረሰው በሽታም፣ ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡአቸው ከብቶች ገብቶ በኢትዮጵያ ክፉ ቀን የተባለውን ዘመን ያመጣው ያው የደስታ በሽታ ነው። በክፉ ቀን ባለቤቱ ጥሎት የተሰደደ ማሳ ጌታ የሌለው መሬት እንዳልሆነ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። የጊኩዩ ስደተኞች ግን ሲመለሱ ማሳቸው ተለክቶ፣ ፕላን ተነሥቶለት፣ በሌላ ሰው ስም ተጽፎ ቈያቸው።

እንግዲህ ኬንያታ በዚህ ፍርድ ፊት ያቆሙት ምስክር የጊታካ ሥርዓት ነው። ጊታካ ማለት አንድ አባት ጫካ መንጥሮ ወይም ከቀድሞው ባለይዞታ ገዝቶ ያቀናው መሬት ነው። የዚያ አባት ዘሮች ማኅበር ምባሪ ይባላል። ከምባሪው መካከል ሙራማቲ የተባለ አንድ ሰው ይመረጣል፤ እሱም የመሬቱ ጠባቂና የማኅበሩ ቃል አቀባይ ነው እንጂ ከወንድሞቹ የበለጠ ባለቤት አይደለም። እያንዳንዷ ሚስት የራሷ ማሳ አላት፤ የሷም ወንዶች ልጆች ያንን ማሳ ይወርሳሉ። መሬት ሲሸጥም ሻጩ የመቤዠት መብቱን ይዞ ነው፤ የተቀበላቸውን ፍየሎች የመለሰ ዕለት መሬቱን ይረከባል። ይህ ልማድ በአማርኛ ወለድ አግድ ከሚባለው ውል ጋር ስለሚቀራረብ፣ የኢትዮጵያ ተማሪ ከእንግሊዛዊው ዳኛ ይልቅ ፈጥኖ ሊረዳው ይችላል።

ነገር ግን ፈጥኖ መረዳት ሌላ አደጋ አለው። ጊታካን «ርስት» ብሎ ተርጕሞ ማለፍ ቀላል ነው፤ በዚህም ጽሑፍ አርእስት ላይ ቃሉ የገባው ሌላ የሚሻል ስለሌለ ነው። የርስት ይገባኛል በአባትም በእናትም ሊቈጠር ይችላል፤ ምባሪ ግን የሚቈጠረው በወንድ ብቻ ነው። (የጊኩዩ ነገዶች ከመጀመሪያው አባት ከጊኩዩና ከሚስቱ ከሙምቢ ሴቶች ልጆች ስማቸውን ወስደው ሳለ፣ ሴት ልጅ ከመሬቱ አለመውረሷን ኬንያታ ያለ ብዙ ጭንቀት ያልፉታል።) በተጨማሪም በአማርኛ «አቀና» የሚለው ግሥ ጫካ ለመነጠረውም አባት፣ በጦር ለገባውም ገዥ በእኩል ያገለግላል፤ ስለዚህ በአማርኛ የሚያነብ ሰው አቅኚ ሲባል ማንኛው እንደ ሆነ በየገጹ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ የቃል ጣጣ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

ኬንያታ አጥብቀው የሚዋጉት ቃል «የወል» የሚለውን ነው። የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት የአፍሪካውያን መሬት የነገዱ የወል ንብረት ነው፣ የግል ባለቤት የለውም ሲሉ ነገሩ ለአገሬው ሰው የተቆረቆሩ ይመስላል። ፍሬው ግን ሌላ ነው። መሬቱ የማንም ካልሆነ የሚያዝዝበት የነገዱ ጌታ ነው፤ የነገዱም ጌታ ዛሬ ዘውዱ ነው ወደሚለው ያደርሳል። ኬንያታ በጊኩዩ አገር ከእጅ ስንዝር የማትበልጥ መሬት እንኳ ባለቤት የሌላት አልነበረችም፣ ወሰኗም በዛፍና በአበባ ተክል ተለይቶ የታወቀ ነበር እያሉ መንደሩን፣ ጠረፉን፣ የወሰን ተከላውን ሥርዓት የሚተርኩት ስለዚህ ነው። በዚህ ምዕራፍ የሰዎቹ ንግግር ይሰማል፤ ሽማግሌዎቹ ድንበር ለድንበር ሲሄዱ ይታያል። ማሊኖውስኪ በመግቢያቸው ሥራውን ያመሰገኑበት ምክንያት ከዚህ ምዕራፍ ብቻ እንኳ ይገባል።

አሁን ወደ ሙሆይ እንምጣ፤ በብዙ ቍጥር አሆይ ይባላሉ። ቃሉ መለመን ከሚል ግሥ የወጣ ነው። ሙሆይ ማለት የገዛ ምባሪው መሬት ያነሰው ወይም የራቀው ሰው በወዳጅነት ለምኖ በሌላ ምባሪ መሬት ላይ የሚያርስ ነው። ኪራይ አይከፍልም፤ አዝመራው ሲደርስ ጠላ ያመጣል፣ ባለመሬቱ ቤት ሲሠራ ወይም አጥር ሲያጥር ያግዛል። ከኢትዮጵያ ጭሰኛ ጋር የሚያመሳስለው ብዙ የለም፤ ሲሶና እርቦ የሚባል ነገር የለበትም። ከሙሆይ ጋር ተቀራራቢ የሆኑ ሌሎችም ነበሩ፤ ቤት የመሥራት ፈቃድ ጭምር ያገኘው ሙታሚ፣ በጋብቻ የተዛመደው ሙቶኒ፣ በሥርዓት ተወልዶ ወደ ነገዱ የገባው ሙቺያርዋ። ኬንያታ እነዚህን ሁሉ በየስማቸው ይዘረዝራሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ግን አንዱም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ምን ያህል ነበሩ፣ ስንት ትውልድ ተቀመጡ፣ በሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ ምን ድምፅ ነበራቸው፣ ባለመሬቱ ውጡ ሲላቸው ወዴት ሄዱ የሚለው ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥ አይነሣም።

ሙሆዩ በመጽሐፉ ውስጥ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታልና። ኬንያታ እንደሚሉት አውሮፓውያን መጀመሪያ በመጡ ጊዜ ጊኩዩዎች ያዩአቸው ከአገራቸው ወጥተው የሚንከራተቱ ብቸኞች አድርገው ነው። ዳጎሬቲንና ፎርት ስሚዝን በመሰሉ ቦታዎች የመስፈሪያ ፈቃድ የሰጡአቸውም ለለማኝ እንግዳ በሚሰጠው ልማድ ነው፤ ነግዶ ይሄዳል እንጂ ይወርሰናል ብለው አልጠረጠሩም። ይህ ክርክር በሕግም በታሪክም ብርቱ ነው። ማንም ጊኩዩ መሬቱን ለዘውድ ሸጦ ስለማያውቅ፣ የሰፋሪው መነሻ መብት የሙሆይ መብት ብቻ ነበር ማለት ይሆናል። የባርዝ ፍርድ ደግሞ ይህንኑ ገለበጠው፤ እንግዳውን ባለቤት አድርጎ፣ ባለቤቶቹን በሙሉ በአንድ ቀን የዘውዱ አሆይ አደረጋቸው። ጠላ እንኳ ተቀብሎ የማይመርቅ ባለመሬት ነው የተተካላቸው።

የመሬቱ ምዕራፍ የሚያበቃበት የዝሆኑ ተረት የዚህ ሐሳብ ምሳሌ ነው። ዝሆን በዝናብ ጊዜ ኩምቢውን ብቻ በሰው ጎጆ ውስጥ እንዲያስጠጋ ይለምናል፤ ሰውየው ይፈቅዳል፤ ዝሆኑ ቀስ በቀስ ሙሉ ገላውን አስገብቶ ባለቤቱን ያስወጣዋል። የዱር ንጉሥ አንበሳም ነገሩን የሚያጣራ ኮሚሲዮን ያቆማል፤ ኮሚሲዮነሮቹ ሁሉ አራዊት ናቸው። ሰው ከመካከላቸው ይግባ ሲባል የዱሩን ሕግ የተማረ ሰው የለም ተብሎ ይመለሳል። ሰውየው በየተራ የሚሠራቸው ጎጆዎች ሁሉ ሲወሰዱበት፣ በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጎጆ ሠርቶ አራዊቱ ሁሉ ገብተው ሲሻሙ በእሳት ያያይዘዋል። ኮሚሲዮኑ ማን እንደ ሆነ ለዘመኑ አንባቢ ግልጽ ነበር። በ1932 የተቋቋመውና በ1934 ሪፖርቱ የታተመው የሰር ሞሪስ ካርተር የመሬት ኮሚሲዮን ሦስት አባላት ነበሩት፤ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ከሥራ የወጡ የአስተዳደር ሹም፣ አንዱ ራሳቸው ሰፋሪ። አፍሪካዊ አልነበረበትም። ኮሚሲዮኑ ብዙ የምባሪ ምስክሮችን ቃል ሰምቶ ሲያበቃ፣ ለአውሮፓውያን 16,700 ማይል ካሬ ያህል ደጋ እንዲጠበቅ አሳሰበ፤ በ1939 የወጣው ትእዛዝም ይህንኑ አጸና።

ተረቱ የሚያስቅም የሚያስቈጣም፣ በሚገባ የተነገረ ነው። ነገር ግን የሚነሣበት ጥያቄ አለ። በተረቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ባለጎጆውና ለምኖ የገባው ዝሆን። ለምኖ የገባ ሁሉ ዝሆን ነውን? በጊኩዩ ጎጆ ውስጥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ለምነው የገቡ፣ ግን ማንንም ያላስወጡ፣ ሚስት የተሰጣቸው፣ ልጅ የወለዱ፣ በጦርነት ጊዜ አብረው የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ሙሆዩን የአውሮፓዊው ምሳሌ ያደረገው ክርክር እነዚህን ሰዎች በአንድ ጊዜ ስም የለሽና ተጠርጣሪ አደረጋቸው። ኬንያታ ይህን ያሰቡት አይመስልም። ያሰቡት ፍርድ ቤቱን ነበር። ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው «ባለቤት» ወይም «ጭሰኛ» የሚባሉ ሁለት ቃላት ብቻ ስለ ነበር፣ የሕዝባቸውን ሥርዓት ከሁለቱ በተሻለው ውስጥ ሊያስገቡ ተገደዱ። በመጽሐፉ መሠረት የምባሪው መብት ጠንካራና የተከበበ ሲሆን፣ የሙሆዩ መብት በፈቃድ ብቻ የቆመ ነው። ይህ ግን ለሙሆዩ ከባርዝ ፍርድ በምን ይለያል?

በ1930ዎቹ ይህ ጥያቄ የጽንሰ ሐሳብ ጉዳይ አልነበረም። መሬቱ በሰፋሪዎች እርሻና በክልሉ ወሰን መካከል ሲጠብብ፣ ለገበያ የሚሆን በቆሎ ዋጋ ሲያወጣ፣ የምባሪ ሽማግሌዎች አሆይን ማስወጣት ጀምረው ነበር። የመሬት ኮሚሲዮኑ ራሱ ባለቤትነታችሁን አስረዱ ማለቱ፣ እያንዳንዱ ምባሪ የዘር ሐረጉን አጥብቆ እንዲቈጥርና ከሐረጉ ውጭ ያለውን እንዲለይ አድርጎታል። የወጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሄደው በሰፋሪ እርሻ ላይ በጉልበት ሥራ ሒሳብ ተቀመጡ። በ1918 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለው ሰው በዓመት ቢያንስ 180 ቀን ለባለእርሻው እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። አንገቱ ላይ በቆርቆሮ ሣጥን የተንጠለጠለው ኪፓንዴ የተባለው የመታወቂያ ወረቀትም ያለ ጌታው ፈቃድ ሥራውን ትቶ እንዳይሄድ ይከለክለዋል። ታቢታ ካኖጎ በ1987 ስለ እነዚህ የእርሻ ነዋሪዎች የጻፉት፣ ግሬት ከርሾም በ1997 ስለ ኪያምቡ መንደሮች ያሳተሙት ጥናት ይህን ዓለም ከታች ያሳያሉ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ጊኩዩ በኬንያታ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ጊኩዩ ይመስላል ማለት ያስቸግራል። ቅኝ ግዛቱ የፈጠረው ማኅበረ ሰብ ይህ ነበር፤ መሬት የተወሰደበት ሰው ብቻ ሳይሆን፣ መሬት ከተወሰደበት ሰው ዘንድ ተባርሮ ወደ ወሳጁ እርሻ የገባ ሰው። «የኬንያን ተራራ ፊት ለፊት» በ1938 ወጥቶ ሳለ ስለዚህ ሰው የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው።

ከአሆይ ሌላ የተዘለሉም አሉ። ኬንያታ እንደሚተርኩት የኪያምቡ አገር ጫካ አስቀድሞ የንዶሮቦዎች፣ ማለት የአዳኞቹና የማር ቈራጮቹ ሕዝብ ነበር። መሬት ለባዕድ የማይሸጥ ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች በሥርዓት ወንድማማች ከሆኑ በኋላ ጊኩዩ በፍየል ገዛው ይላሉ። የካርተር ኮሚሲዮን ይህን ታሪክ በሙሉ አልተቀበለውም፤ ግዢው ከማስገደድና ከመዋጥ ጋር የተደባለቀ ነበር አለ። ኮሚሲዮኑ ይህን ያለው ለንዶሮቦዎቹ አዝኖ አልነበረም፤ የጊኩዩን ይገባኛል ለማሳነስ ይጠቅመው ስለ ነበር ነው። ንዶሮቦዎቹን በተመለከተ ያሳሰበውም በተቻለ መጠን ወደሚቀርቡአቸው ነገዶች ክልል እንዲዛወሩ ነው። ነገር ግን ባላጋራ የተናገረው ሁሉ ሐሰት አይደለም። አቅኚው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመለሳል። ጊታካ ከጫካ መመንጠር ከጀመረ፣ ጫካውን ሳይመነጥር የሚኖርበት ሰው መብቱ ምን ላይ ይቆጠራል? ሰፋሪው ለጊኩዩ ያላረስከው መሬት ያንተ አይደለም ሲለው፣ ጊኩዩ ለንዶሮቦው ያለው ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ኬንያታ የሚሰጡት መልስ ፍየሎቹ ተከፍለዋል የሚል ነው። የተቀባዩ ቃል ግን አልተሰማም።

ይህን ሁሉ በደራሲው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም፤ መጽሐፉ የተጻፈበትን ቦታና ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል። ኬንያታ ወደ ለንደን የሄዱት ሊማሩ አልነበረም፤ የጊኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር በ1929 የላካቸው ስለ መሬት አቤት እንዲሉ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ በ1931 ተመልሰው 15 ዓመት ቈዩ። አቤቱታው በቢሮ በር ላይ ሲቀር ነው ወደ ፕሮፌሰር ማሊኖውስኪ ሴሚናር የገቡት። ያም ወራት ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውረር የተዘጋጀበት ነበረ። በ1935 በለንደን ለተቋቋመው የአፍሪካውያን የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ሊቀ መንበር፣ ኬንያታ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። በአፍሪካ ቀርቶ የነበረው ነፃ መንግሥት ሲወረር በጄኔቭ የተነገረውን የሚያዳምጥ ሰው፣ ስለ ገዛ ሕዝቡ ውስጣዊ ክርክር በዝርዝር ለመጻፍ ቢያመነታ አያስገርምም። ጦር ይዘው፣ ቆዳ ለብሰው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ በዚህም መጽሐፍ ላይ ጆንስቶን የሚለውን ስም ትተው ጆሞ ብለው መፈረማቸው የዚያው ሙግት ክፍል ነው። ባለጋራው «የተማረ አፍሪካዊ ሕዝቡን አይወክልም» ይል ነበርና ልብሱም እንደ ማስረጃ ቀረበ።

ከሌላው ወገን የመጣው መጽሐፍም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላገኘም። በጊኩዩ አገር ያደጉትና ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩት ሉዊስ ሊኪ ከ1937 እስከ 1939 ስለ ደቡብ ጊኩዩዎች የሰበሰቡት ጥናት፣ ከሞቱ በኋላ በ1977 በሦስት ቅጽ ታትሟል። በዝርዝር ከኬንያታ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን አርእስቱ ራሱ «ከ1903 በፊት» ይላል፤ መሬቱ መወሰድ ከጀመረበት ዘመን ደፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። አንዱ መጽሐፍ ስለ ነጠቃው ለመናገር ሲል የነጠቃውን ውስጣዊ ቍስል ሸፈነ፤ ሌላው ሁሉን ሲዘረዝር ነጠቃውን ራሱን ተወው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ብቻ ነው ወደ ነገሩ የሚቀርበው። ለክፍል ንባብ አንዱን ብቻ ለመምረጥ የሚገደድ መምህር ግን የኬንያታን ቢመርጥ ይሻላል፤ የሚጠየቅ ነገር አለበትና።

የሙሆዩ ዕጣ የተቈረጠው ኬንያታ በእስር ላይ ሳሉ ነው። በጥቅምት 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በ1953 ኬንያታ የማው ማው መሪ ናቸው ተብለው የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ከ1954 ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የጊኩዩና የጎረቤት ሕዝቦች ሰዎች ከ800 በላይ በሆኑ የታጠሩ መንደሮች ውስጥ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዚያው ዓመት የወጣው የስዊነርተን ዕቅድ የተበጣጠሰውን ማሳ አንድ ላይ አሰባስቦ፣ ለእያንዳንዱ ባለቤት በስሙ የማይገረሰስ ሰነድ እንዲሰጥ ወሰነ። ይገባኛሉን የሚያጣሩት የሽማግሌ ኮሚቴዎች ነበሩ፤ ከተቃራኒው ወገን ብዙዎቹ በእስር ቤት ስለ ነበሩ መከራከር አልቻሉም። ሶረንሰን በ1967 ስለዚህ የመሬት ለውጥ በጻፉት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ አሆይ በመዝገቡ ውስጥ ቦታ አላገኙም። መዝገቡ የሚያውቀው ባለቤትን ብቻ ነውና በልማድ የነበራቸው ሁሉ በአንድ ፊርማ ተፋቀ። በ1921 ሁሉንም ጊኩዩ ጭሰኛ ያደረገው መንግሥት፣ ከ33 ዓመት በኋላ ከፊሉን ባለቤት፣ ከፊሉን ምንም አደረገው። መንግሥቱ ይህን ለማድረግ ከኬንያታ መጽሐፍ ፈቃድ አልጠየቀም፤ የራሱ ፖለቲካ ነበረው፤ ታማኝ ገበሬ ይፈልግ ነበር። ሆኖም ሙሆዩ ሊከራከር ቢነሣ፣ የሕዝቡ ሥርዓት ለኔም መብት ነበረው ብሎ የሚጠቅሰው ምዕራፍ በታላቁ የሕዝቡ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም ነበር። ነፃነት በታኅሣሥ 1963 ሲመጣም መዝገቡ እንዳለ ተወረሰ። በ1962 በተጀመረው የሚሊዮን ኤከር ዕቅድ ከሰፋሪዎች የተገዛው መሬት ለአዲሶቹ ገበሬዎች የተከፋፈለው በብድር፣ በዋጋ ነው። ገንዘብ የሌለው መሬት አጥ እንደገና ከአጥሩ ውጭ ቀረ።

በዝሆኑ ተረት ያልነበረው ሦስተኛው ሰው ግን ነገሩን አልተወም። ከንዶሮቦዎች ወገን የሚቈጠሩት የማው ጫካ ኦጊየኮች አቤቱታቸውን አሩሻ ላይ ወደሚያስችለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ፍርድ ቤት አድርሰው፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ የኬንያ መንግሥት መብታቸውን ጥሷል ብሎ ፈረደ። ሰኔ 23 ቀን 2022 ደግሞ የአባቶቻቸው መሬት ተለክቶና ተከልሎ በወል ስማቸው ሰነድ እንዲሰጣቸው አዘዘ። ኬንያታ የተዋጉት «የወል» የሚለው ቃል በዚህ ፍርድ የተነጠቁት ሰዎች መከራከሪያ ሆኖ ተመልሷል። በ2023 መጨረሻ ላይ ግን ከማው ጫካ የኦጊየክ ቤተ ሰቦች ተባረው ጎጆዎቻቸው ፈርሰዋል።